ምስልን ለድረ ገጽ ስለ ማሳነስና በፊደል ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ የወጣ መንገደኛ ሰበታን ያገኛል፤ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የሄደ ቡራዩን፥ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሰሜን የወረደ ደግሞ ሱሉልታን ከነሰፊ ሜዳዋ ያገኛል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር በተባለው አዲስ ከተማ ውስጥ ተጠቃለው ክፍለ ከተማዎች ሆነዋል። በሦስቱም ዘንድ የመደብር፥ የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ሰሌዳ በብዛት በሁለት ጽሕፈት ተጽፎ ይታያል። ኦሮምኛው የሚጻፈው በቁቤ ነው፤ ይኸውም በ1984 ዓ.ም. በይፋ የተያዘው የላቲን ፊደል ነው። አማርኛው የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው።

ሁለቱ ጽሕፈቶች ጎን ለጎን የቆሙበት እንዲህ ያለ ሰሌዳ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፥ በድረ ገጽ ላይ እንዲወጣ መጠኑ በተቀነሰ ጊዜ፥ የሁለቱ ዕጣ አንድ አይሆንም። ምስሉ እየተጨመቀ በሄደ ቁጥር ቁቤው መነበቡን ሲቀጥል የግዕዙ ፊደል ቀደም ብሎ መደብዘዝ ይጀምራል። ይህ የሆነበት ምክንያት ግማሹ በምስል አጨማመቅ ዘዴ፥ ግማሹ በፊደሉ ጠባይ ውስጥ ያለ ነው። የአንድን ሕዝብ ኑሮ፥ በዓልና ጽሕፈት በምስል ሰብስቦ ለሌላ ማሳየት የሚወድ ሰው፥ ዘዴውን ለሚያዝዘው ማሽን ብቻ ትቶ ቢሄድ ሳያውቅ የሰበሰበውን ሊያበላሽ ይችላል።

አስቀድሞ ምስል ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሞላ ሰንጠረዥ ነው። ብዙ ስልኮች የሚያነሡት ምስል በወርዱ 4000፥ በቁመቱ 3000 ነጥብ አለው፤ ሁለቱ ሲባዙ 12 ሚሊዮን ይሆናሉ። እያንዳንዱ ነጥብ ስለ ቀይነቱ፥ ስለ አረንጓዴነቱና ስለ ሰማያዊነቱ ሦስት ቁጥር ይይዛል፤ ስለዚህ ምንም ሳይጨመቅ ቢቀመጥ 36 ሚሊዮን ባይት፥ ማለት 36 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዝ ነበር። ስልኩ ግን ምስሉን ወዲያው ጨምቆ ከሦስት እስከ አምስት ሜጋባይት አድርጎ ያስቀምጠዋል። አንሺው ሳያውቀው የመጀመሪያው ማሳነስ በእጁ ላይ ተፈጽሟል ማለት ነው።

አምስት ሜጋባይት በስልክ ውስጥ ብዙ አይደለም። በድረ ገጽ ላይ ግን ሸክሙን የሚሸከመው አንሺው ሳይሆን ተመልካቹ ነው። የኢሬቻን በዓል ወይም የአንድን ሠርግ ሥርዓት የሚያሳዩ 40 ምስሎች እያንዳንዳቸው በ4 ሜጋባይት በአንድ ገጽ ላይ ቢሰፍሩ 160 ሜጋባይት ይሆናሉ። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ይህን ሁሉ ለመቀበል ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። እነዚያው 40 ምስሎች እያንዳንዳቸው 200 ኪሎባይት ቢሆኑ ግን ድምራቸው 8 ሜጋባይት ይሆንና በ32 ሰከንድ ይደርሳሉ። በኢትዮጵያ ቴሌኮምም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ በጀመረው በሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ዘንድ ብዙ ሰው የኢንተርኔት አገልግሎትን የሚገዛው በጥቅል፥ በሜጋባይት እየተለካ ስለ ሆነ፥ ከባዱን ገጽ የከፈተ ሰው ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡንም ይከፍልበታል። ዕድሜ ልኩን የኖረበት ሰፈር በዓል በድረ ገጽ ወጥቷል ተብሎ ተነግሮት፥ ጥቅሉ አልቆበት ግማሹን ምስል ሳያይ የሚቀር ሰው ቢኖር ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ምስልን ማሳነስ በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው የነጥቦቹን ቍጥር መቀነስ ነው፤ ሁለተኛው ነጥቦቹን እንዳሉ ይዞ አጻጻፋቸውን ማሳጠር፥ ማለት መጭመቅ ነው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ጥቅሙም ከሁለተኛው ይልቃል። ወርዱ 4000 የነበረው ምስል ወደ 1200፥ ቁመቱም ወደ 900 ቢወርድ የነጥቦቹ ብዛት ከ12 ሚሊዮን ወደ አንድ ሚሊዮን ከ80 ሺህ ይወርዳል፤ ከ11 እጅ አንዱ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። በስልክም ሆነ በተራ የኮምፒዩተር መስኮት ላይ ለሚያይ ዓይን ይህ ይበቃል። በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚደረግ ስሕተት አለ። የድረ ገጹ አዘጋጅ ትልቁን ምስል እንዳለ ጭኖ በገጹ ላይ ትንሽ ሆኖ እንዲታይ ያዝዛል፤ ምስሉ በእርግጥ ትንሽ ሆኖ ይታያል፥ ፋይሉ ግን ያው ትልቁ ነው። ለአንድ ሕፃን ቁመት ተብሎ የአባቱን ጋቢ አጥፎ እንደ ማልበስ ያለ ነው፤ ጋቢው ቢታጠፍም ክብደቱ አልቀነሰም። ማሳነሱ ምስሉ ወደ ድረ ገጹ ከመጫኑ በፊት ሊደረግ ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ፥ መጭመቅ፥ እንደ ገና በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ምንም የማይጥል ነው፤ ሌላው እየመረጠ የሚጥል ነው።

ምንም የማይጥለውን ለመረዳት የሸማኔን ሥራ ማሰብ ይበቃል። ሸማኔ ስለ ሠራው ነጠላ ሲናገር እያንዳንዱን ማግ አንድ በአንድ «ነጭ፥ ነጭ፥ ነጭ» እያለ አይቈጥርም። እዚህ ድረስ ነጭ ነው፥ ከዚያ ጥለቱ ይጀምራል፥ ጥለቱም ይህን ያህል ጊዜ ይደጋገማል ብሎ ይጨርሳል። ይህን የሰማ ሌላ ሸማኔ ነጠላውን ያለ ምንም ጕድለት እንደ ገና ሊሠራው ይችላል። ኮምፒዩተርም የተደጋገመውን በአጭር ምልክት ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ ለሚመጣው አጭር፥ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ረጅም ምልክት ይሰጣል። ይህን ሁለተኛውን ዘዴ ዴቪድ ሃፍማን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1952 አሳትሞታል፤ ዛሬም በብዙ ፋይሎች ውስጥ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፒኤንጂ የተባለው የምስል ዓይነት ከዚህ ወገን ነው። ሰፊ አንድ ወጥ ቀለም ላለው፥ ለካርታ፥ ለሥዕላዊ መግለጫና ለታተመ ጽሕፈት እጅግ ይስማማል። ለመልክና ለመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ግን አይበጅም፤ በተፈጥሮ ውስጥ ሁለት ጎረቤት ነጥቦች ፍጹም አንድ ሆነው የሚገኙት ጥቂት ጊዜ ነውና።

እየመረጠ የሚጥለው ጄፔግ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1986 ከተቋቋመው የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ስም የመጀመሪያ ፊደሎች ሲሆን፥ ደንቡ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። መሠረቱ የሆነውን ስሌት ግን ከዚያ በፊት ትውልደ ሕንዳዊው ናሲር አህመድ ከናታራጃንና ከራኦ ጋራ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትሞት ነበር።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የምስሉ ብርሃንና ጨለማ ከቀለሙ ይለያል። የሰው ዓይን የብርሃንን ልዩነት አጥብቆ ሲያይ የቀለምን ልዩነት ግን በደቃቁ አይለይምና፥ ብዙ ጊዜ አራት ጎረቤት ነጥቦች አንድ ቀለም በጋራ እንዲይዙ ይደረጋል። ቀጥሎ ምስሉ በወርድም በቁመትም ስምንት ስምንት ነጥብ ባላቸው ትናንሽ ካሬዎች ይሸነሸናል። በእያንዳንዱ ካሬ ያሉት 64 ቍጥሮች በስሌቱ አማካይነት ተለውጠው፥ ከፊተኞቹ የካሬውን ጠቅላላ መልክ፥ ከኋለኞቹ ደቃቅ መሥመሩንና ጠርዙን የሚናገሩ ሌሎች 64 ቍጥሮች ይሆናሉ። እስከዚህ ድረስ ከቀለሙ መጋራት በስተቀር ምንም አልጠፋም ማለት ይቻላል። የሚጠፋው ከዚህ በኋላ ነው። እህል ነጋዴ ጤፉን በኩንታል ብቻ ቈጥሮ በመዝገቡ ሲያሰፍር የተረፈውን ቁና እንደሚተወው ሁሉ፥ ጄፔግም እያንዳንዱን ቍጥር በተወሰነ መስፈሪያ ሰፍሮ ትርፉን ይተዋል። ለጠቅላላው መልክ መስፈሪያው ትንሽ ነው፥ ስለዚህ ብዙ አይጐድልበትም፤ ለደቃቁ መሥመር ግን መስፈሪያው ትልቅ ስለ ሆነ፥ ደቃቁ ነገር አንድ መስፈሪያ እንኳ ሳይሞላ ቀርቶ «ባዶ» ተብሎ ይጻፋል። በፕሮግራሞች ላይ ከ1 እስከ 100 ሆኖ የሚታየው «የጥራት ልክ» የዚህ መስፈሪያ ትልቅነትና ትንሽነት ነው፤ ቍጥሩ ሲወርድ መስፈሪያው ይተልቃል።

ከዚህ የተነሣ ስፋታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ምስሎች ክብደታቸው ፈጽሞ ላይገናኝ ይችላል። በቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ የውኃ ግድብ በረጋ ጠዋት ቢነሣ፥ ውኃውና ሰማዩ ለስላሳ ስለ ሆኑ ካሬዎቹ የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ ፋይሉም ቀላል ይሆናል። በሱሉልታ ሜዳ ላይ የተከመረ ድርቆሽ በቅርብ ቢነሣ ግን እያንዳንዱ ካሬ በሰበዝ መሥመር ተሞልቶ ፋይሉ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ለዓይን ተራ የመሰለው ሣር ለኮምፒዩተር ከቤተ መንግሥት ጌጥ ይልቅ አድካሚ ነው። ስለዚህ «ምስል ሁሉ ከዚህ ኪሎባይት አይበልጥ» ብሎ አንድ ወሰን ማውጣት ለገፈርሳው ሲበዛ ለድርቆሹ ያንሳል። ወሰን ከተፈለገ በነጥብ ብዛትና በጥራት ልክ ቢሆን ይሻላል። ለተራ ፎቶግራፍ ከ75 እስከ 80 የሚደርስ ልክ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከ50 በታች ሲወርድ ካሬዎቹ ራሳቸው ለዓይን መታየት ይጀምራሉ።

መልክዓ ምድርና ድርቆሽ ከተጨመቁ በኋላም ያው ናቸው። አንድ ሰበዝ ቢጠፋ ማንም አይጠይቅም። ችግሩ የሚጀምረው በምስሉ ውስጥ ጽሕፈት ሲኖር ነው።

ጄፔግ ቀድሞ የሚጥለው ደቃቁን መሥመር እንደ ሆነ ከላይ ተነግሯል። በግዕዝ ፊደል ደግሞ ድምፁን የሚለውጠው በትክክል ይኸው ደቃቅ መሥመር ነው። የከተሞቹ ስሞች ራሳቸው ይህን ያስረዳሉ። ሰበታ በሚለው ስም ሁለቱ ፊደሎች ግዕዝ ናቸው፤ ቅጥያ ያለው የመጨረሻው ታ ብቻ ስለ ሆነ ስሙ ጉዳቱን ይችላል። ቡራዩ ግን ሦስቱም ፊደሎቹ ከግዕዙ ወጥተዋል፤ የቡና የዩ ካዕብነት በትንሽ አግዳሚ ጭረት፥ የራም ራብዕነት በእግሩ አቋቋም ብቻ ነው የሚታወቀው። እነዚህ ቢደበዝዙ «በረየ» የሚል ማንም የማያውቀው ቃል ይቀራል። በሱሉልታም ላይ ሱና ሉ እንዲሁ ይጎዳሉ። በቁቤ ሲጻፍ ሰበታ 8 ፊደል፥ ቡራዩ 10 ፊደል ይፈጃል፤ እያንዳንዱ አናባቢ ራሱን የቻለ ሙሉ ፊደል ነው፥ የረዘመውም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ከ10 ፊደል አንዱ ቢጠፋ ቀሪዎቹ ዘጠኙ ይመሰክሩለታል። የግዕዝ ፊደል በጥቂት ቦታ ብዙ መናገሩ ለብራናና ለቀለም ቆጣቢ አድርጎታል፤ በዚያው ልክ አንዲት ጭረት ስትጠፋ ተተኪ ምስክር የለውም።

የከተማ ስም ቢሳሳት አንባቢው በግምት ያቃናዋል። ሊቃና የማይችል ሌላ አለ። አንድ ሽማግሌ በኑዛዜው «ቤቴን ለልጄ» ብሎ ቢያስጽፍ፥ ከዚህ ቃል «ቤቱን ለልጁ» የሚለውን የሚለዩት ሁለት ምልክቶች ብቻ ናቸው። ካዕቡ ቱ ከግንዱ መካከል በስተቀኝ አጭር ጭረት ያወጣል፤ ኃምሱ ቴ ከእግሩ ሥር ትንሽ ቀለበት ይይዛል። ጄና ጁም እንደዚሁ ናቸው። ጭረቱም ቀለበቱም ተጨምቀው ግራጫ ነጠብጣብ በሆኑ ጊዜ የተናዛዡ ቤት የማን እንደ ሆነ ከምስሉ ማንበብ አይቻልም። «ሸጠ» እና «ሸጡ»፥ «ሰጠ» እና «ሰጡ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፤ በአንዲት ጭረት ሻጩ አንድ ሰው ወይም ብዙ ሰዎች፥ ደግሞም ተራ ሰው ወይም አንቱ የሚባል ይሆናል። መሬትና ቤት በየጊዜው ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍባቸው በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ውስጥ ይህ የሰዋስው ጨዋታ አይደለም።

ነገሩ በቍጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ወርዱ 21 ሳንቲሜትር የሆነ ተራ ወረቀት 3000 ነጥብ ወርድ ሆኖ ቢነሣ በአንድ ሳንቲሜትር ውስጥ 143 ነጥብ ያህል ይገባል። ሦስት ሚሊሜትር ቁመት ያለው የእጅ ጽሕፈት 43 ነጥብ ያገኛል፤ ቀለበቱ ከስድስት አሥረኛ ሚሊሜትር ባይበልጥ እንኳ 8 ነጥብ ይደርሰዋል፤ ያለ ችግር ይነበባል። ያው ምስል ወርዱ ወደ 800 ነጥብ ቢወርድ ፊደሉ 11 ነጥብ፥ ቀለበቱ ሁለት ነጥብ ብቻ ይቀርለታል። በሁለት ነጥብ ቀለበት አይሣልም፤ መካከሉ የሚከፈትበት ቦታ የለምና። ቴሌግራም ለብዙ ዓመታት በሠራበት ልማድ «ፎቶ» ተብሎ የተላከን ምስል ረጅም ጎኑን ወደ 1280 ነጥብ አውርዶ ይጨምቀው ነበር፤ በዚህ ሒሳብ የሙሉ ወረቀት ቁመት 1280 ሲሆን ሦስት ሚሊሜትሩ ፊደል 13 ነጥብ አካባቢ ያገኛል። ያው ምስል «ፋይል» ተብሎ ቢላክ ግን ሳይነካ ይደርሳል። ተቀባዩ ደግሞ የደረሰውን ምስል ከስልኩ ገጽ ላይ ቀርጾ መልሶ ሲልከው የተጨመቀው እንደ ገና ይጨመቃል፤ በየደረጃው ጥቂት ጥቂት እየጐደለ ሦስተኛው ሰው ዘንድ ሲደርስ ጽሕፈቱ ጥላ ይሆናል።

የቀለሙ መጋራትም የራሱ ጉዳት አለው። በብራና መጻሕፍት ውስጥ የአምላክ፥ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም እንዲሁም የምዕራፍ መነሻ በቀይ ቀለም መጻፉ የታወቀ ነው። ቀይ በቢጫማ ብራና ላይ ጥቁርን ያህል በብርሃን አይለይም፤ አብዛኛው ልዩነቱ በቀለም ነው። አራት ነጥቦች አንድ ቀለም እንዲጋሩ በተደረገ ጊዜ የጥቁሩ ጽሕፈት ጠርዝ ጥርት ብሎ ሲቀር ቀዩ ይፈስሳል። እንግዲህ ጸሐፊው ከሁሉ አብልጦ ሊያከብረው የፈለገው ስም ከሁሉ በፊት ይደበዝዛል ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ያለው ሐምራዊ ማኅተምም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። ማሳነስ ቀዩን ሲጐዳ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከዘጠኝ ሺህ የሚበልጡ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም በተነሡ ጊዜ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ነበር ቀዩ ጽሕፈት ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። ያ ሥራ ግን ፊደሉን ከነጭረቱ ስለ ጠበቀ የጽሑፉ ቃል አልጠፋም፤ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። ቀለምን አጥቶ ቅርጽን ማዳን አንድ ነገር ነው፥ ቅርጽን አጥቶ ቀለምን ማዳን ሌላ ነው።

ከመደብዘዝ የከፋ ደግሞ አለ፤ እርሱም ጥርት ብሎ መሳሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪዘል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒዩተር ሊቅ አንድ የቤት ፕላን በመሥሪያ ቤት ማሽን ሲቀዳ ሦስት ክፍሎች ሁሉ ስፋታቸው 14.13 ካሬ ሜትር ተብሎ ተጽፎ አገኘ፤ በዋናው ወረቀት ላይ ግን አንዱ ብቻ 14.13 ሲሆን ሌሎቹ 21.11 እና 17.42 ነበሩ። ቍጥሮቹ ምንም ድብዛዜ አልነበረባቸውም። ምክንያቱ ማሽኑ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ተመሳሳይ መስሎ የታየውን ቅርጽ አንድ ጊዜ ብቻ አስቀምጦ በየቦታው ይደግመው ስለ ነበር ነው። ስድስት ስምንትን ከመሰለው ስድስትን ስምንት ያደርገዋል። ደብዛዛውን ያየ ሰው ተጠራጥሮ ዋናውን ይጠይቃል፤ ጥርት ያለውን ስሕተት ያየ ግን አይጠራጠርም። ስድስትና ስምንት በእንዲህ ያለ ማሽን ከተምታቱ ቱና ቴ፥ ጁና ጄ፥ ወይም የግዕዝ ቍጥሮቹ ፮ና ፯ ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ጽሕፈት ያለበትን ምስል ማሳነስ የፈለገ ሰው ሥራው የሚጀምረው ካሜራውን ከማንሣቱ ነው። ወረቀቱን በቀን ብርሃን፥ ጥላ ሳይወድቅበት፥ ከላይ ቀጥ አድርጎ፥ መስኮቱን ሞልቶ ማንሣት አለበት። ቀጥሎ በዙሪያው ያለውን ጠረጴዛ፥ ጣትና ምንጣፍ ቆርጦ መጣል ነው። መቁረጥ ከማሳነስ ዘዴዎች ሁሉ ጉዳት የሌለው ነው፤ የማይፈለገውን ብቻ ይጥላልና፤ ብዙ ሰው ግን ይዘነጋዋል። ከዚያ በኋላ ነጥቦቹ ይቀነሳሉ፤ መለኪያው የወረቀቱ ስፋት ሳይሆን በላዩ ያለው የትንሹ ፊደል ቁመት ነው። የተናቀው ፊደል ከ20 ነጥብ በታች እንዳይወርድ ቢደረግ ጭረትና ቀለበት ሊለዩ ይችላሉ፤ ለተራ ወረቀት ይህ ወደ 1600 ነጥብ ወርድ ያስፈልገዋል።

የፋይሉን ዓይነት በተመለከተ፥ በኮምፒዩተር የታተመ ጥቁርና ነጭ ወረቀት በፒኤንጂ ቢቀመጥ ፊደሉ አይነካም፤ ግራጫዎቹን ወደ 16 ደረጃ ቢያወርዱት ደግሞ ክብደቱ በብዙ ይቀልላል። ፈጽሞ ወደ ጥቁርና ነጭ ብቻ ማውረድ ግን ያስፈራል፤ የፈዘዘ ቀለምና ማኅተም «ነጭ» ተብለው ይጠፋሉ። ብራና፥ ቀለም ያለው ሰሌዳና ማኅተም ያለበት ወረቀት በጄፔግ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ የጥራት ልኩ ግን ወደ 85 ወይም 90 ከፍ ይበል፥ ፕሮግራሙ የቀለም መጋራቱን ማስቀረት የሚፈቅድ እንደ ሆነም ይቅር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ዌብፒና ከእርሱ በኋላ የመጣው አቪፍ ከጄፔግ ባነሰ ክብደት ተመሳሳይ መልክ ይሰጣሉ፤ አሁን ያሉት የድረ ገጽ መክፈቻዎችም ያነብቧቸዋል። ሆኖም ዌብፒ በሚጥለው መንገዱ ሁልጊዜ አራቱን ነጥብ ቀለም ያጋራልና ለቀይ ጽሕፈት አይመረጥም። ይህን ሁሉ ለመሥራት የሚከፈልበት ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም፤ ጊምፕና ስኩዎሽ ያለ ዋጋ ይገኛሉ፤ ስኩዎሽ ዋናውንና የተጨመቀውን ጎን ለጎን ስለሚያሳይ ለጀማሪ ይመቻል።

ከተጨመቀ በኋላ የመጨረሻው ዳኛ ዓይን ነው። ምስሉን በሙሉ ልኩ ከፍቶ፥ ስለ ጉዳዩ የማያውቅ ሌላ ሰው ስሞቹንና ቍጥሮቹን ጮኾ እንዲያነብ ማድረግ ከማናቸውም ቀመር ይበልጣል። ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው የጠፋውን ጭረት በአሳቡ ይሞላዋልና ለዚህ ምስክርነት አይበቃም።

ስለ ጽሕፈት ምስል ይህን ያህል ከተባለ በኋላ፥ ጽሕፈቱ ምስል መሆኑ ራሱ አስፈላጊ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ጊዜ፥ አማርኛ በአንዱ ኮምፒዩተር ተጽፎ በሌላው ስለማይነበብ፥ ብዙዎች ጽሑፉን ምስል አድርገው ማውጣታቸው የግድ ነበር። ያ ግድ ዛሬ የለም፤ ልማዱ ግን አልቀረም፤ ተተይቦ የታተመ ማስታወቂያ ከግድግዳ ላይ በስልክ እየተነሣ ይወጣል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሲጻፍ ሦስት ባይት ይፈጃል፤ 2000 ፊደል ያለው ማስታወቂያ 6 ኪሎባይት ገደማ ማለት ነው። ያው ማስታወቂያ በምስል 200 ኪሎባይት ቢሆን 33 እጥፍ ነው፤ ቢደበዝዝ ደግሞ ቱውና ቴው ይምታታሉ፥ ተፈልጎም አይገኝም።

በዚህ ላይ ሰበታን ከሌሎቹ ሁለት ከተሞች የሚለያት ነገር አለ። የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት፥ መርሐ ዕውራን በሚለው ስሙ የታወቀው፥ የሚገኘው በሰበታ ነው። ማየት የተሳነው ሰው በድረ ገጽ ላይ ያለውን የሚሰማው ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም የተተየበውን ያነብባል፤ ፎቶግራፍ የሆነውን ማስታወቂያ ግን «ምስል» ብሎ አልፎት ይሄዳል። የፈተና ቀን፥ የሥራ ቅጥር ወይም የመብራት መቋረጥ በፎቶግራፍ ሲለጠፍ ለእንዲህ ያለ አንባቢ ያልተለጠፈ ያህል ነው። ምስሉ ራሱ እንዲታይ የተፈለገ እንደ ሆነ፥ ለምሳሌ ብራና ወይም አሮጌ ደብዳቤ ሲሆን፥ በውስጡ ያለው ቃል ከምስሉ ሥር ተተይቦ መቀመጥ አለበት፤ ድረ ገጾች ለምስል ሁሉ እንዲህ ያለ ተተኪ ጽሑፍ የሚገባበት ቦታ አላቸው። ቃሉ ተተይቦ ከተገኘ ምስሉን ይበልጥ ማሳነስም ይቻላል፤ የንባቡ ሸክም ከምስሉ ላይ ወርዶለታልና።

ዋናው ምስል በምንም ምክንያት መሰረዝ የለበትም። የተሳነሰው ቅጂ በሌላ ስም ይቀመጣል፤ እንደ ገና ማሳነስ ሲያስፈልግም ከዋናው ይጀመራል እንጂ ከቅጂው አይሆንም። ስልክ በምስሉ ፋይል ውስጥ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም ስፍራውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ይጽፋል፤ ብዙ የማሳነሻ ፕሮግራሞች ይህን ይሰርዙታል። ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለአንድ የጸሎት ስፍራ ምስል መሰረዙ መልካም ነው፤ የሰዎች መኖሪያ ለማያውቁት ሁሉ መገለጥ የለበትምና። ለሰብሳቢው ግን ቀኑና ቦታው ከምስሉ እኩል ዋጋ አላቸው። ስለዚህ ምስሉ ከመጨመቁ በፊት የተነሣበት ቀን፥ ቀበሌው፥ የበዓሉ ወይም የዕቃው ስም በአማርኛና በኦሮምኛ፥ እንዲነሣ የፈቀደው ሰው ማንነትም በተለየ መዝገብ ይሰፍራል፤ መዝገቡም ከዋናው ምስል ጋራ በአንድ ስፍራ ይቀመጣል።